ከሪድሚ አትጀምሩ

«ኦፕን ሶርስ መጀመር ትፈልጋለህ? ቀላል ነው። አንድ ሪድሚ ፈልግ፣ የፊደል ግድፈት አርም፣ ፑል ሪኩዌስት ላክ። በቃ፣ ኮንትሪቢዩተር ሆንክ!»

ይህን ምክር ያልሰማ የኮምፒውተር ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ዩቲዩብ ላይ ይነገራል፣ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይደጋገማል፣ ቡትካምፕ ላይ እንደ ትምህርት ይሰጣል። ምክሩ መጥፎ ነው። መጥፎ ብቻም ሳይሆን ሰውን የሚንቅ ነው። ወጣቱን በር ላይ አቁሞ መጥረጊያ ያስይዘዋል፤ ግቢውን ጠርጎ፣ ፎቶ ተነስቶ እንዲወጣ። ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ሳያይ ሲቪው ላይ «ቤቱን ከሠሩት አንዱ ነኝ» ብሎ ይጽፋል።

አካሄዱ ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ ታይቷል። ሃክቶበርፌስት የሚባል፣ ዲጂታልኦሽን የተባለው ኩባንያ በየኦክቶበሩ የሚያዘጋጀው ዘመቻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ሰው ቲሸርት ይሰጥ ነበር። የሆነው ምን መሰላችሁ? ሪድሚ ላይ «አሪፍ ፕሮጀክት» ዓይነት ቃል የሚጨምር፣ ነጠላ ሰረዝ ከዚህ ወደዚያ የሚያዛውር የማይረባ ለውጥ ጎረፈ። ፕሮጀክቶቹን በትርፍ ጊዜያቸው በነፃ የሚጠብቁት ሰዎች ቆሻሻ ሲያጸዱ ሰነበቱ። ወሩ ሳይጋመስ አዘጋጆቹ ሕጉን ለወጡ፦ ከዚህ በኋላ የሚቆጠረው «እንሳተፋለን» ብለው ለተመዘገቡ ፕሮጀክቶች የተላከ ብቻ ነው አሉ። የእኛ ሰዎች ነገሩን ድሮ ጨርሰውታል፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሰነድ ማረም ክቡር ሥራ ነው። አንድን መመሪያ ተከትሎ የሠራ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የጠፋበት፣ ከዚያ «እዚህ ጋ ይህ ዓረፍተ ነገር ጎድሏል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ወርቅ ነው። እሱ የሚያርመው ገብቶ አይቶ ስለሆነ ነው። የእኔ ጠብ ሳይገባ ከሚያርመው ጋር ነው፤ ይበልጡን ደግሞ «አንተ የምትችለው ይህን ያህል ነው» ብሎ ከላከው መካሪ ጋር።

ዘንዶው

ታዲያ ከየት እንጀምር? ከኮምፓይለር። አዎ፣ ከኮምፓይለር። ረስት ይሁን፣ ክላንግ ይሁን፣ ጂሲሲ ይሁን፤ የጻፋችሁትን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ ከሚቀይረው ከዚያ ፕሮግራም።

ይህን ስል የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «እንዴ! ኮምፓይለር እኮ የጂኒየሶች ሥራ ነው።» ወሬው ከየት መጣ? ግማሹ ከክፍል ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን «ኮምፓይለር ዲዛይን» የሚባል ኮርስ አላቸው። ኮርሱ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው የፓርሲንግ ሰንጠረዥ ወረቀት ላይ በእጅ በመሙላት ነው። ተማሪው ሰንጠረዡን ሞልቶ ፈተናውን ያልፋል፣ አንድም የእውነት ኮምፓይለር ከፍቶ ሳያይ ይመረቃል። በዓለም ዙሪያ የኮርሱ ዋና መጽሐፍ ሆኖ የቆየው የአሆ፣ የሴቲና የኡልማን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የተሳለው ዘንዶ ነበር። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ ሲወጋ እያየን ያደግን ልጆች ከመጽሐፍ ሽፋን ዘንዶ መሸሻችን ይገርማል።

የሚያስቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ያ ያስጨነቃችሁ ሰንጠረዥ ዛሬ በስፋት በምንጠቀምባቸው ኮምፓይለሮች ውስጥ የለም። ጂሲሲ የሲ ፕላስ ፕላስ ፓርሰሩን እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው 3.4 ስሪት በእጅ በተጻፈ ፓርሰር ተክቶታል። ክላንግም ረስትም ፓርሰራቸው በእጅ የተጻፈ ነው። ማለትም ተራ ፈንክሽን፣ ተራ ኢፍ፣ ተራ ሉፕ። «ቀጥሎ ያለው ቃል ይህ ከሆነ ይህን አድርግ» የሚል ኮድ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ያነበዋል።

የሠሩትስ እነማን ናቸው? ኤልኤልቪኤም እ.ኤ.አ. በ2000 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ክሪስ ላትነር የተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የጀመረው ሥራ ነው። ረስት እ.ኤ.አ. በ2006 የግሬደን ሆር የግል ፕሮጀክት ሆኖ ተጀመረ፤ ሞዚላ ድጋፍ መስጠት የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ከሥራ ሲወጣ የሚሞካክር ሰው። ጎበዞች ናቸው፣ አልካድኩም። ግን ከሰማይ አልወረዱም።

ኮምፓይለር ፍጹም ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲስሚዝ የሚባል፣ ዘፈቀደ የሲ ፕሮግራሞችን የሚያመነጭ መሣሪያ ሠርተው ኮምፓይለሮችን ሲፈትኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ325 በላይ ቀድሞ የማይታወቁ ባጎችን ሪፖርት እንዳደረጉ ጻፉ። የፈተኑት ኮምፓይለር በሙሉ የሆነ ቦታ ክራሽ አድርጓል፤ የባሰው ደግሞ ትክክለኛ ፕሮግራም ተቀብሎ ዝም ብሎ የተሳሳተ ኮድ አውጥቷል። እርግጥ የእናንተ ፕሮግራም ባልሠራ ቁጥር «ኮምፓይለሩ ነው!» አትበሉ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆን። መጀመሪያ የራሳችሁን ኮድ ጠርጥሩ። ነገር ግን ኮምፓይለሩም ሰው የጻፈው መሆኑን አትርሱ።

እንዲያውም ከትላልቅ ፕሮግራሞች ሁሉ ለአዲስ ሰው የሚመቸው ኮምፓይለር ነው እላለሁ። አንድ የሞባይል ባንኪንግ አፕ ሲበላሽ ጥፋቱ የኔትወርኩ ይሁን፣ የሰርቨሩ ይሁን፣ የስልኩ ይሁን ለማወቅ ስንት በር ማንኳኳት አለባችሁ? ያውም አንዳንዱ በር ለእናንተ አይከፈትም። ኮምፓይለር ግን ጽሑፍ ይበላል፣ ውጤት ይተፋል። ያው ፋይል፣ ያው ስሪት፣ ያው ትእዛዝ ከሆነ፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ያው ባግ ይመጣል። ጎንደር ያለው ልጅ የሚያየውና በርሊን ያለው ኢንጂነር የሚያየው አንድ ነው። ስብሰባ አያስፈልግም፣ የመግቢያ ካርድ አያስፈልግም፣ ማንንም ማወቅ አያስፈልግም። ከዚህ የበለጠ እኩልነት የት ይገኛል?

ሁለት በሮች

በወሬ አልሸኛችሁም። ረስትን እንደ ምሳሌ ልውሰድና መግቢያውን ላሳይ። ሌሎቹም ጋ ተመሳሳይ ነገር አለ።

የመጀመሪያው በር ኮምፓይለሩን መገንባት እንኳን አይጠይቅም። የረስት ኮምፓይለር ራሱ ሲወድቅ «ይህ የእኔ ባግ ነው፣ እባክህ ሪፖርት አድርግ» የሚል መልእክት ያወጣል። ሰዎችም ሪፖርት ያደርጋሉ። ግን ብዙ ጊዜ የሚልኩት የፕሮጀክታቸውን ኮድ በሙሉ ነው። እንበል ሁለት ሺህ መስመር። ያንን አንብቦ ጥፋቱን የሚፈልግ ጊዜ ያለው ሰው የለም። ስለዚህ ጉዳዩ ላይ «ኢ-ኒድስ-ኤምሲቪኢ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል፤ ትንሽ፣ ሙሉና የሚረጋገጥ ምሳሌ ይፈለጋል ማለት ነው። እናንተ የምትሠሩት ይሄን ነው። ግማሹን ኮድ ትሰርዛላችሁ። ባጉ አሁንም አለ? ጥሩ፣ እንደገና ግማሹን። ጠፋ? መልሱና ሌላውን ግማሽ ሞክሩ። ሁለት ሺህ መስመር ዘጠኝ መስመር እስኪሆን። ዘጠኟ መስመር ላይ ስትደርሱ የትኛው የቋንቋው ክፍል ከየትኛው ጋር ሲገናኝ እንደሚሰበር ታውቃላችሁ። ያንን እውቀት ሪፖርቱን የላከው ሰው አልነበረውም፣ ሜንቴነሩም አልነበረውም። አሁን እናንተ አላችሁ።

«ኢ-ኒድስ-ባይሴክሽን» የሚል ሌላ ምልክት አለ። ድሮ ይሠራ የነበረ ኮድ አሁን የማይሠራ ከሆነ፣ የተበላሸው የትኛው ቀን ነው? ረስት በየቀኑ አዲስ ስሪት ስለሚያወጣ ቀኑን ማግኘት ይቻላል። ካርጎ-ባይሴክት-ረስትሲ የሚባል መሣሪያ መሃሉን እየመረጠ ይሞክራል። አንድ ሺህ ቀን ቢኖር አሥር ሙከራ ገደማ ይበቃል። ስሪት በወረደ ቁጥር ዳታ ይበላል፤ ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ሦስተኛው ምልክት «ኢ-ኒድስ-ቴስት» ነው። ባጉ ሌላ ነገር ሲስተካከል አብሮ ጠፍቷል፣ ግን ተመልሶ እንዳይመጣ የሚጠብቅ ቴስት የለም። ዘበኛ አልተቀጠረለትም። እናንተ ትቀጥሩለታላችሁ።

ላፕቶፕ የሌለውስ? ማት ጎድቦልት እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመረው ኮምፓይለር ኤክስፕሎረር የሚባል ድረ ገጽ አለ። ብዙ ኮምፓይለሮችን ከነልዩ ልዩ ስሪታቸው ብራውዘር ላይ ያስኬዳል። ኮድ ማሳነሱን በስልክ መሥራት ይቻላል። አይመችም፣ ግን ይቻላል።

ሁለተኛው በር የስህተት መልእክት ነው። ረስት ስትጽፉ ኮምፓይለሩ አንድ ቀን ግራ የሚያጋባ ነገር ይላችኋል። አብዛኛው ሰው ተበሳጭቶ ያልፋል። እናንተ ግን መልእክቱን ኮፒ አድርጋችሁ የኮምፓይለሩ ኮድ ውስጥ ፈልጉት። ሚሊዮን መስመር ኮድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ አያስፈልግም፤ አንዲቷ ዓረፍተ ነገር ወደተጻፈችበት ትወስዳችኋለች። ከዚያ ወደ ኋላ፦ ይህን መልእክት የሚጠራው ማነው? እሱንስ የሚጠራው? በዚህ መንገድ አንድ ከሰዓት ውስጥ የምታውቁት፣ ስለ ኮምፓይለር አወቃቀር ሃያ ቪዲዮ አይታችሁ ከምታውቁት ይበልጣል።

የረስት ቴስትም ለዚህ የተመቸ ነው። አንድ የኮድ ፋይል አለ፤ አጠገቡ ኮምፓይለሩ ሊለው የሚገባው መልእክት ቃል በቃል የተጻፈበት ሌላ ፋይል አለ። መልእክቱን ስታሻሽሉ ቴስቱ ይወድቃል፤ «ብሌስ» የሚባለውን አማራጭ ስትሰጡት የድሮው መልእክት በአዲሱ ይተካል። ሪቪወሩ የሚያየው «በፊት ይህን ይል ነበር፣ አሁን ይህን ይላል» የሚል ንጽጽር ነው። ክርክሩ ለማንም ግልጽ ነው፤ የትኛው ለሰው ይገባል?

ቤት ሥራ ልስጣችሁ። ረስት፣ ሴሚኮለን የሚመስለውን የግሪክ ጥያቄ ምልክት በስህተት ብትጽፉ «ይህ የግሪክ ጥያቄ ምልክት ነው፣ ሴሚኮለን ይመስላል ግን አይደለም» ብሎ ያርማችኋል። ከኋላው ተመሳሳይ ምልክቶችን የሚያመሳክር ሰንጠረዥ አለ። አሁን የእኛን ድርብ ሰረዝ በሴሚኮለን ቦታ ጻፉና ምን እንደሚላችሁ እዩ። መልሱ ካላረካችሁ ሥራ አገኛችሁ ማለት ነው።

ኮዱን ቀይራችሁ ስትገነቡ የምታገኙት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር «ስቴጅ» የሚባለው ነው። የረስት ኮምፓይለር የተጻፈው በረስት ነው። ታዲያ የመጀመሪያውን ማን ኮምፓይል አደረገው? ይህን ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው፦ እርሾ ነው። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ከባለፈው ያስቀሩትን እርሾ ይጨምራሉ። ስቴጅ ዜሮ የሚወርደው የተዘጋጀ እርሾ ነው፤ በእሱ የእናንተን ኮድ ስታቦኩ ስቴጅ አንድ ይወጣል፤ በስቴጅ አንድ ያንኑ ኮድ እንደገና ስታቦኩ ስቴጅ ሁለት ይሆናል። ለዕለት ሥራ ስቴጅ አንድ ይበቃል። እርሾው ከተበላሸስ? ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ ያሳየው ይህንን ነው። ኮዱ ንጹህ ሆኖ ሳለ፣ የተመረዘ ኮምፓይለር መርዙን ለሚወልደው ኮምፓይለር ያስተላልፋል። ኮዱን ብታነቡት ምንም የለም፤ መርዙ ያለው እርሾው ውስጥ ነው። ኮምፓይለርን ማን እንደሚሠራው ግድ ሊሰጠን የሚገባውም ለዚህ ነው።

መብራት፣ ዳታ፣ ይሉኝታ

አሁን ወደ እውነተኛው እንቅፋት እንምጣ። አእምሮ አይደለም። የረስት መመሪያ ለመገንባት 30 ጊጋባይት ባዶ ቦታና 8 ጊጋባይት ራም ይመክራል። ኤልኤልቪኤምን በዲበግ መልኩ ለመገንባት የሞከረ ደግሞ ሊንክ ሲደረግ ላፕቶፑ ሲቃትት አይቷል። መብራት መሃል ላይ ሲሄድስ? ይህን ችግር «ቁርጠኝነት ካለ» እያለ የሚያልፍ መካሪ ጀነሬተር ያለበት ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው።

የሚቀል ነገር ግን አለ። ረስት ኤልኤልቪኤምን ከመገንባት ይልቅ የተዘጋጀውን የማውረድ አማራጭ አለው። «ቼክ» የሚለው ትእዛዝ ኮዱ ልክ መሆኑን ብቻ አይቶ ይመለሳል፣ ሙሉ ግንባታ አያስፈልገውም። ኤልኤልቪኤምን የግድ የምትገነቡ ከሆነም ሁሉንም የፕሮሰሰር ዓይነት ሳይሆን የራሳችሁን ብቻ ምረጡ፣ ዲበጉን ትታችሁ በሪሊስ ገንቡ፣ ባንዴ የሚሄደውን የሊንክ ሥራ ቁጥር ቀንሱ። ከዚህ በላይ ግን ጥያቄው ለዩኒቨርሲቲዎች ነው። ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ የሚውል የኮምፒውተር ላብ ያለው ዲፓርትመንት ለምንድን ነው አንድ ማሽን ለዚህ ሥራ ለይቶ በኤስኤስኤች የማይከፍተው? አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ፈቃድ ነው። ለፈተና ሰንጠረዥ ከማስሞላት ይልቅ «በዚህ ሴሚስተር አንድ ባግ አሳንሳችሁ ላኩ» ብሎ ማርክ መስጠትስ ማን ከለከለ?

ከመብራቱ የሚከፋው ግን ይሉኝታ ነው። ኦፕን ሶርስ ውስጥ ጥያቄ የሚጠየቀው አደባባይ ላይ፣ በስም ነው፤ ለዘላለምም ይቀመጣል። እኛ ደግሞ «አላወቀም እንዳልባል» በሚል ፍርሃት ያደግን ነን። ስለዚህ ልጁ ሦስት ሳምንት ብቻውን ይታገላል፣ በግል ለሚያውቀው ሰው ይጽፋል፣ መልስ ያጣል፣ ይተዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሜንቴነር ደግሞ የሚወደው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ይህን ሞከርኩ፣ ይህ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፣ ይህ ሆነ።» ሦስት መስመር። እንደዚያ ተጠይቆ የሚያፍር ሰው የለም። «ሰላም ሰር፣ መርዳት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር» የሚለው ግን መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ጥያቄ አይደለም።

የሪቪው ቋንቋም ያስደነግጣል። እኛ አገር አስተያየት ሲሰጥ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። እዚያ ግን «ይህ ስም ልክ አይደለም። ቴስት የለውም። ይህ ፈንክሽን ቀድሞም አለ» ብቻ ሊላችሁ ይችላል። ንቀት አይደለም፤ ስለ ኮዱ ነው የሚያወራው። መልስ ሲዘገይም እንዲሁ። ሳምንት ያህል ጠብቃችሁ በትህትና አስታውሱ፤ ልማዱ ነው፣ እንደ ልመና አይቆጠርም። ሪቪወሮች የሚጠነቀቁበት ምክንያትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የተደበቀ የጀርባ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው ዓመታት ፈጅቶ እምነት ያተረፈ አስተዋፅኦ አድራጊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄን እንደ ክፋት መቁጠር አይቻልም።

እዚህ ላይ ስለ ኤአይ አንድ ቃል። ኤአይ የጻፈውንና ራሳችሁ የማታስረዱትን ፓች መላክ የሪድሚው ልማድ ታላቅ ወንድም ነው። ቲሸርቱ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ለመማር ተጠቀሙበት፣ ኮዱን አስረዳኝ በሉት፣ ተከራከሩት። ግን ሪቪወሩ «ለምን እዚህ ጋ? ለምን እንዲህ?» ሲላችሁ መልሱ ከእናንተ ራስ መውጣት አለበት። ካልወጣ አልሠራችሁትም፤ ሥራውን ከራሳችሁ ወደ ሪቪወሩ ትከሻ ነው ያዛወራችሁት።

ለማን ነው የምንሠራው?

በጣም ጠንካራውን ተቃውሞ ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ስለማከብረው ነው። «ክላንግንና ኤልኤልቪኤምን አፕልና ጉግል ይጠቀሙባቸዋል። እኛ በሻማ ብርሃን ባግ ስናሳንስ ትርፉን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ይህ ነፃ ጉልበት አይደለም ወይ?»

በከፊል እውነት ነው። ደመወዝ ተከፍሏቸው ኮምፓይለር የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እናንተ በነፃ ትሠራላችሁ። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው መጀመሪያ ኪራዩን ይክፈል፤ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። ተቃውሞው የሚስተው ግን አንድ ነገር አለ። ኮምፓይለር የሚሠሩ ሰዎች የሚጽፉት ኮድ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ ይወስናሉ። እኛ ክፍሉ ውስጥ በሌለንበት የተወሰነ ውሳኔ ደግሞ ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም።

ማስረጃ? የጎ ቋንቋን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ሆነ፤ ከፈጣሪዎቹ አንዱ ያው ኬን ቶምፕሰን ነው። ጎ ውስጥ አንድ ስም ከራሱ ፓኬጅ ውጭ እንዲታይ ከተፈለገ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ፣ ማለትም ካፒታል መሆን አለበት። ቆንጆና አጭር ሕግ ነው። ግዕዝ ግን ካፒታል የለውም። ስለዚህ ጎ ውስጥ «ደምር» የሚል ፈንክሽን መጻፍ ትችላላችሁ፤ ሌላ ፓኬጅ እንዲጠቀምበት ግን ፊቱ ላይ የላቲን ካፒታል መለጠፍ አለባችሁ። ዓረብኛም፣ ሂንዲም፣ ጃፓንኛም እንዲሁ። ክፋት አይደለም። ካፒታል የሌለው ፊደል የሚጽፍ ሰው ሕጉ ሲወጣ ድምፁ አልከበደም፤ አሁን ደግሞ ሕጉ ላይ ብዙ ኮድ ተገንብቷል።

ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ጂሲሲ ግን በዩቲኤፍ-8 በቀጥታ የተጻፈ እንዲህ ያለ ስም የተቀበለው በ10ኛው ስሪት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ረስት በ2021 በወጣው 1.53 ፈቀደ። ነገሩ ግን በመፍቀድ አያልቅም። በዩኒኮድ የመመሳሰል ሰንጠረዥ ላይ የእኛ «ሀ» ከላቲኑ ዩ ጋር፣ «ዐ» ከላቲኑ ኦ ጋር ተመሳሳይ ተብለው ተመዝግበዋል፤ ኮምፓይለር በዚህ ተነስቶ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ መቼ ልክ፣ መቼ አላስፈላጊ እንደሚሆን የሚያውቀው በግዕዝ የሚጽፍ ሰው ነው። ኮምፓይለሩ ከስህተቱ ሥር ምልክት ሲያሰምር አንድ ፊደል አንድ ቦታ ትይዛለች ብሎ ይቆጥራል፤ ፎንቱ የግዕዝን ፊደል ሰፋ አድርጎ በሚያሳይበት ስክሪን ላይ ግን ምልክቱ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ሌላ ቃል ሥር ይቆማል። ይህን ባግ አንድ የካሊፎርኒያ ኢንጂነር በዕድሜው አያየውም። እናንተ በአምስት ደቂቃ ታዩታላችሁ።

በአማርኛ ኮድ እንጻፍ እያልኩ አይደለም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው። ግዕዝ የተነካበትን ባግ ብቻ ሥሩም አላልኩም። ስለ ሎውፕ ማመቻቸት የሚያስብ የደሴ ልጅ ስለ ፊደል ብቻ እንዲያስብ ማንም ሊያዘው አይችልም። የምለው ይህን ነው፦ ለሃያ ዓመት ተጠቃሚ ብቻ ሆኖ የኖረ ሕዝብ ሕግ ሲወጣ አይጠየቅም። የሚጠየቀው፣ ባለፈው ዓመት ስድስት ቴስት የጻፈውና ሁለት ባግ ያስተካከለው ሰው ነው። ኦፕን ሶርስ ውስጥ ወንበር የሚገኘው በዚህ ነው። ፍትሐዊ ነው ወይ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ግን ክፍት ነው።

እንግዲህ

አንድ ወር ስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኮምፓይለር ምረጡ፣ ሁለት አይደለም፤ ሃያ የባግ ሪፖርት አንብቡ፤ ምንም አትጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት ማንም ያላሳነሰውን አንድ ሪፖርት ወስዳችሁ አሳንሱ፣ ውጤቱን ለጥፉ። በሦስተኛው አንድ ቴስት ጻፉ። ስትሠሩ መመሪያው ላይ የጠፋችሁበትን ቦታ ማስታወሻ ያዙ። በአራተኛው ግራ ያጋባችሁን አንድ የስህተት መልእክት ተከትላችሁ ግቡ፣ እስከ ተጻፈበት መስመር።

ወሩ ሲያልቅ ሊንክድኢን ላይ የሚለጠፍ ነገር ላይኖራችሁ ይችላል። የላካችሁት ቴስት ስምንት መስመር ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አንድ የማታውቁት ሰው የሆነ አገር ላይ ያንን ባግ መልሶ ሊያስገባ ሲል ስምንቷ መስመር ቀይ ትበራለች፣ ለውጡም አይገባም። ሪድሚውንም፣ አሁን የት ጋ እንደሚያጠፋ ስለምታውቁ፣ ያን ጊዜ አርሙት።